ትልቅ ቁጥርን እስከ መጨረሻው መበተን፦ 1,234,567,890ን ይዞ ደረጃ በደረጃ

አንድ ትልቅ ሙሉ ቁጥር ተሰጥቷቸው «አካፋዮቹ ስንት ናቸው? ድምራቸውስ ስንት ነው?» ተብለው የሚጠየቁ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ ሥራውን በደንብ ይጀምሩና መሃል ላይ ይሳሳታሉ። የሚሳሳቱትም ማካፈል ስለማይችሉ አይደለም። ቁጥሩን በ2፣ በ3 እና በ5 ካካፈሉ በኋላ የቀረው ትልቅ ቁጥር በ7ም፣ በ11ም፣ በ13ም አልካፈል ሲላቸው «እንግዲያው ይህ ፕራይም ነው» ብለው ይደመድማሉ፤ ከዚያ በኋላ የሚያሰሉት ሁሉ በዚህ የተሳሳተ ድምዳሜ ላይ ይቆማል። አንድ ቁጥር በጥቂት ሙከራ አለመካፈሉ ፕራይም ለመሆኑ ማስረጃ አይደለም፤ ይህ መመሪያም በዋናነት የተጻፈው ለዚህ ነጥብ ነው።

ፕራይም ቁጥር ማለት ከ1 የሚበልጥና ከ1 እና ከራሱ በቀር ሌላ አካፋይ የሌለው ሙሉ ቁጥር ነው። የአንድን ቁጥር የአካፋዮች ብዛትም ሆነ ድምር ለማግኘት ቁጥሩን በመጀመሪያ ወደ ፕራይም አካፋዮቹ መበተን ያስፈልጋል። ለሥራችን የመረጥነው 1,234,567,890 ነው፤ ሲነበብ አንድ ቢሊዮን ሁለት መቶ ሠላሳ አራት ሚሊዮን አምስት መቶ ስልሳ ሰባት ሺህ ስምንት መቶ ዘጠና ይሆናል። ይህ ቁጥር በመጀመሪያ በቀላሉ ይበተናል፤ ከዚያ ብዙ ሰው ተስፋ ቆርጦ በሚተወው ቦታ ላይ በድንገት ይጠጥራል። ስለዚህ ለልምምድ ከእሱ የተሻለ ማግኘት ይከብዳል።

ከመጀመርዎ በፊት

አንድ ንጹህ ወረቀት ወስደው ከላይ ወደ ታች በመስመር ለሁለት ይክፈሉት። በግራ በኩል እየተካፈለ የሚሄደውን ቁጥር፣ በቀኝ በኩል ያካፈሉበትን ፕራይም ይጽፋሉ። በወረቀቱ ጠርዝ ላይ እስከ 61 ያሉትን ፕራይም ቁጥሮች ይደርድሩ፦

2፣ 3፣ 5፣ 7፣ 11፣ 13፣ 17፣ 19፣ 23፣ 29፣ 31፣ 37፣ 41፣ 43፣ 47፣ 53፣ 59፣ 61

18 መሆናቸውን ይቁጠሩ። በልምድ እንደሚታየው 51 እና 57 ሳይታሰብ እዚህ ዝርዝር ውስጥ ይገባሉ፤ ነገር ግን 51 የ3 እና የ17፣ 57 ደግሞ የ3 እና የ19 ብዜት ነው። 1ም ፕራይም ስላልሆነ አይጻፍም።

በካልኩሌተር የሚሠሩ ከሆነ መሣሪያው ስንት አሃዝ እንደሚይዝ አስቀድመው ይፈትሹ። 123,456,789ን በ10 ያባዙበት፤ አሥሩም አሃዞች በግልጽ ከታዩ ይበቃል። 8 አሃዝ ብቻ የሚያሳይ ትንሽ ካልኩሌተር ስህተት ይላል ወይም የቁጥሩን ጫፍ ይቆርጣል፤ አንዳንዱ ደግሞ ቁጥሩን በ10 ርቢ አሳጥሮ የመጨረሻዎቹን አሃዞች ይደብቃል። ለዚህ ሥራ የመጨረሻው አሃዝ ከመጀመሪያው እኩል አስፈላጊ ስለሆነ እንዲህ ባለ መሣሪያ አይሥሩ። ኤክሴል እስከ 15 አሃዝ ድረስ በትክክል ስለሚይዝ ለዚህ ቁጥር ይበቃል።

ደረጃ 1፦ ቁጥሩን መገልበጥና መቆጣጠሪያ ቀሪዎችን መያዝ

ቁጥሩን ከቀኝ ጀምረው በየሦስት አሃዙ ኮማ እያደረጉ ይጻፉ። ቀጥሎ ቁጥሩ በ9 እና በ11 ሲካፈል የሚተወውን ቀሪ አስልተው በወረቀቱ አናት ላይ ያስፍሩ። እነዚህ ሁለት ቀሪዎች እስከ መጨረሻው ድረስ ስህተትን የሚያጋልጡልዎ ምስክሮች ናቸው።

ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ለማግኘት እንዲህ ያድርጉ።

1. ቁጥሩን ከቀኝ ጀምረው ሁለት ሁለት አሃዝ አድርገው ይክፈሉት፦ 12፣ 34፣ 56፣ 78፣ 90።
2. ይደምሯቸው፦ 12 + 34 + 56 + 78 + 90 = 270።
3. ድምሩ ከ99 ከበለጠ እሱንም እንደገና ከቀኝ ሁለት ሁለት አሃዝ አድርገው ይደምሩት፦ 2 + 70 = 72።
4. 72ን በ9 ያካፍሉ፤ ቀሪው 0 ነው። በ11 ያካፍሉ፤ ቀሪው 6 ነው።

ይህ የሚሠራው 100 ከ99 በ1 ብቻ ስለሚበልጥና 99 የ9 እና የ11 ብዜት ስለሆነ ነው። የግዕዝ ቁጥር ማንበብ የሚያውቅ ሰው ይህን ክፍፍል ተዘጋጅቶ ያገኘዋል፦ ቁጥራችን በግዕዝ ሲጻፍ ፲፪፼፴፬፻፶፮፼፸፰፻፺ ስለሚሆን ፻ እና ፼ን አውጥቶ በመካከላቸው ያሉትን መደመር ብቻ ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ መክፈል የሚጀመረው ከቀኝ ነው። የአሃዞቹ ብዛት ኢተጋማሽ ከሆነ ብቻውን የሚቀረው የግራው ጫፍ አሃዝ ነው፤ ከግራ የጀመረ ሰው የተሳሳተ ቀሪ ያገኛል።

የ9 ቀሪ ብቻውን ለምን እንደማይበቃ አንድ ምሳሌ ያሳያል። ሲገለብጡ 6 እና 7 ቦታ ተለዋውጠው 1,234,576,890 ብለው ቢጽፉ ድምሩ 261፣ ከዚያም 63 ይሆናል። በ9 ሲካፈል አሁንም ቀሪው 0 ስለሆነ ስህተቱ አይታይም፤ በ11 ሲካፈል ግን ቀሪው ከ6 ወደ 8 ይለወጣልና ወዲያውኑ ይጋለጣል።

ደረጃ 2፦ 2፣ 5 እና 3ን አሟጦ ማውጣት

ደንቡ አንድ ነው፦ ባገኙት ፕራይም አንድ ጊዜ አካፍለው አይለፉ፤ ቁጥሩ እምቢ እስኪል ድረስ ደጋግመው ያካፍሉበት።

1. ቁጥሩ በ0 ስለሚያልቅ በ2 ይካፈላል፦ 617,283,945። ይህ በ5 ስለሚያልቅ ኢተጋማሽ ነው፤ 2 ከአንድ ጊዜ በላይ የለም።
2. በ5 ያካፍሉ፦ 123,456,789። መጨረሻው 9 ስለሆነ 5ም አንድ ጊዜ ብቻ ነው።
3. አሃዞቹን ይደምሩ፤ 45 ነው። ስለዚህ በ3 ይካፈላል፦ 41,152,263።
4. የዚህን አሃዞች እንደገና ይደምሩ፤ 24 ነው። አሁንም በ3 ይካፈላል፦ 13,717,421።
5. እንደገና ይደምሩ፤ 26 ነው። በ3 አይካፈልም፤ 3 አለቀ።

እስካሁን የወጡት 2፣ 3፣ 3 እና 5 ናቸው፤ ብዜታቸው 90 ነው። 90ን በ13,717,421 አባዝተው 1,234,567,890ን ማግኘትዎን ያረጋግጡ። ካላገኙ ወደፊት አይሂዱ፤ ስህተቱ በእነዚህ አራት ማካፈሎች ውስጥ ስለሆነ እዚሁ ቢፈልጉት ይቀላል።

ደረጃ 3፦ 7፣ 11 እና 13ን በአንድ ሙከራ መፈተሽ

የ7፣ የ11 እና የ13 ብዜት 1,001 ስለሆነ ለሦስቱም አንድ ሙከራ ይበቃል። ኮማዎቹ የለዩዋቸውን ቡድኖች ከቀኝ ወደ ግራ በመቀነስና በመደመር ያፈራርቁ፦

421 − 717 + 13 = −283

ምልክቱን ትተው 283ን በሦስቱም ያካፍሉ። በ7 ቀሪው 3፣ በ11 ቀሪው 8፣ በ13 ቀሪው 10 ነው። ሦስቱም 0 ስላልሆኑ 13,717,421 በ7ም፣ በ11ም፣ በ13ም አይካፈልም።

የቅነሳ ምልክቱን መተው የሚቻለው «ይካፈላል ወይስ አይካፈልም?» ለሚለው ጥያቄ ብቻ ነው። ትክክለኛውን ቀሪ ከፈለጉ ያገኙትን ቀሪ ከአካፋዩ መቀነስ አለብዎ፤ ለምሳሌ የ11 እውነተኛ ቀሪ 11 − 8 = 3 ነው። በደረጃ 1 መንገድ 13 + 71 + 74 + 21 = 179፣ ከዚያ 80 አግኝተው በ11 ቢያካፍሉም ያው 3 ይመጣል።

ደረጃ 4፦ የት ድረስ መሞከር እንዳለብዎ መወሰን

አሁን ብዙ ሰው የሚወድቅበት ቦታ ላይ ደርሰናል። 13,717,421 ፕራይም ነው ወይስ አይደለም?

አንድ ቁጥር የሁለት ቁጥሮች ብዜት ከሆነ ሁለቱም አካፋዮች በአንድ ጊዜ ከቁጥሩ ስኩዌር ሩት ሊበልጡ አይችሉም፤ ሁለቱም ከበለጡ ብዜታቸው ከቁጥሩ ይበልጣልና። ስለዚህ ቁጥሩ ፕራይም ካልሆነ ከስኩዌር ሩቱ ያልበለጠ አንድ ፕራይም አካፋይ የግድ አለው። ድንበሩን በማባዛት ያግኙ፦

3,703 × 3,703 = 13,712,209
3,704 × 3,704 = 13,719,616

ቁጥራችን በሁለቱ መካከል ስለሆነ ድንበሩ 3,703 ነው። ይህ ማለት እስከ 3,703 ያሉትን ፕራይሞች ሁሉ ሞክሮ ሳይጨርስ «ፕራይም ነው» ማለት አይቻልም። እስከ 100 ሞክሮ ያቆመ ሰው ገና ከመንገዱ ትንሹን ክፍል ነው የሄደው። በተራ ማካፈል ብቻ የሚቀጥል ሰው ቁጥሩ የሚካፈልለት በ504ኛው ፕራይም ላይ ነው፤ ይህን ያህል ጊዜ በእጅ ማካፈል እጅግ አድካሚ ስለሆነ ብዙዎች ቢተዉት አያስደንቅም። ነገር ግን መተውና መደምደም የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ካልጨረሱ በወረቀትዎ ላይ «ገና አልታወቀም» ብለው ይጻፉ እንጂ «ፕራይም» ብለው አይጻፉ።

በጠርዝ ላይ የጻፏቸውን ፕራይሞች ከ17 እስከ 61 ድረስ ይሞክሩ። አንዳቸውም እንደማያካፍሉት ሲያረጋግጡ መንገዱን ይቀይሩ።

ደረጃ 5፦ በስኩዌሮች ልዩነት መፈለግ

ይህ የፌርማ ዘዴ የሚባለው ነው። የሚመሠረተውም በሚከተለው እኩልነት ላይ ነው፦

(ሀ − ለ) × (ሀ + ለ) = ሀ² − ለ²

አንድ ኢተጋማሽ ቁጥር የሁለት አካፋዮች ብዜት ከሆነ ሀ የሁለቱ አማካይ፣ ለ ደግሞ የልዩነታቸው ግማሽ ነው። ስለዚህ ሀን ብናገኝና ከስኩዌሩ ላይ ቁጥራችንን ስንቀንስ የሚተርፈው ራሱ ስኩዌር ቁጥር ቢሆን አካፋዮቹን አገኘን ማለት ነው።

1. መነሻውን ይያዙ። ሀ ከስኩዌር ሩቱ ማነስ ስለሌለበት ከ3,704 ይጀምራል። ካልኩሌተር የሚያሳየውን 3,703.7 ወደ ታች ቆርጦ ከ3,703 የጀመረ ሰው ልዩነቱ ከዜሮ በታች ይሆንበታል፤ ይህ ከታየ በ1 ከፍ ይበሉ።

2. ግማሹን ሙከራ ያስቀሩ። የቁጥሩን የመጨረሻ ሁለት አሃዞች በ4 ያካፍሉ። ቀሪው 1 ከሆነ ሀ ኢተጋማሽ፣ ቀሪው 3 ከሆነ ሀ ተጋማሽ መሆን አለበት። የእኛ 21 ስለሆነ ቀሪው 1 ነው፤ 3,704 ተጋማሽ ስለሆነ ይታለፋል። (ደንቡን ያላመነ ሰው ሊሞክረው ይችላል፦ 13,719,616 − 13,717,421 = 2,195። ይህ በ46² = 2,116 እና በ47² = 2,209 መካከል ስለሚወድቅ ስኩዌር አይደለም።)

3. 3,705ን ይሞክሩ። ስኩዌሩን ለማግኘት እንደገና ማባዛት አያስፈልግም፤ ከ3,704 ስኩዌር ላይ 3,704 + 3,705 = 7,409 መጨመር ይበቃል፦ 13,719,616 + 7,409 = 13,727,025።

4. ቁጥሩን ይቀንሱ፦ 13,727,025 − 13,717,421 = 9,604።

5. 9,604 ስኩዌር መሆኑን ይፈትሹ፦ 98 × 98 = 9,604። ነው! ስለዚህ ለ = 98።

6. አካፋዮቹን ያውጡ፦ 3,705 − 98 = 3,607 እና 3,705 + 98 = 3,803።

7. አባዝተው ያረጋግጡ፦ 3,607 × 3,803 = 13,717,421።

504 ጊዜ ማካፈል የሚጠይቀው ሥራ በአንድ ሙከራ አለቀ። ይህ የሆነው ሁለቱ አካፋዮች ተቀራራቢ ስለሆኑ ነው፤ ሁልጊዜ እንዲህ ይሆናል ብለው አይጠብቁ።

የተረፈው ቁጥር ስኩዌር መሆን አለመሆኑን በፍጥነት ለመለየት መጨረሻውን ይመልከቱ። በ2፣ በ3፣ በ7 ወይም በ8 የሚያልቅ ሙሉ ቁጥር ስኩዌር ሊሆን አይችልም። በ5 የሚያልቅ ከሆነ ከ5 በፊት 2 መኖር አለበት፤ 2,195 ሳይሰላ የሚወድቀው በዚህ ነው።

ካልሠራስ? ከ3,705 ወደ 3,707፣ ከዚያም ወደ 3,709 እያሉ ሁለት ሁለት ይጨምሩ። በእያንዳንዱ ጊዜ በስኩዌሩ ላይ የሚጨመረው አሁን የያዙት ሀ በ4 ተባዝቶ 4 ሲታከልበት የሚገኘው ነው። ለእጅ ሥራ 30 ያህል ሙከራ ተገቢ ገደብ ይመስለኛል፤ ከዚያ በኋላ አካፋዮቹ የተራራቁ ሊሆኑ ስለሚችሉ ከ67 ጀምረው ወደ ተራ ማካፈል ይመለሱ። ዘዴውን 2 ሙሉ በሙሉ ባልወጣለት ቁጥር ላይ ግን አይጀምሩት፤ በ4 ሲካፈል 2 የሚተርፈው ቁጥር የሁለት ስኩዌሮች ልዩነት ፈጽሞ ስለማይሆን ሙከራው ማለቂያ አይኖረውም።

ደረጃ 6፦ የተገኙት ሁለት ቁጥሮች ፕራይም መሆናቸውን ማረጋገጥ

የፌርማ ዘዴ አካፋዮችን ይሰጣል እንጂ ፕራይም መሆናቸውን አይናገርም። ስለዚህ 3,607 እና 3,803ን አንድ በአንድ መፈተሽ የግድ ነው። ቁጥሮቹ ትንንሽ ስለሆኑ ሥራው አሁን ቀላል ነው።

ለ3,607፦ 60² = 3,600፣ 61² = 3,721። ድንበሩ 60 ስለሆነ እስከ 59 መሞከር ይበቃል። ተጋማሽ አይደለም፤ በ5 አያልቅም፤ የአሃዞቹ ድምር 16 ነው። ከ7 ጀምሮ የሚገኙት ቀሪዎች እነዚህ ናቸው፦

በ7 2፤ በ11 10፤ በ13 6፤ በ17 3፤ በ19 16፤ በ23 19፤ በ29 11፤ በ31 11፤ በ37 18፤ በ41 40፤ በ43 38፤ በ47 35፤ በ53 3፤ በ59 8።

0 የለም፤ ስለዚህ 3,607 ፕራይም ነው።

ለ3,803፦ 61² = 3,721፣ 62² = 3,844። ድንበሩ 61 ነው፤ ማለትም እዚህ 61ም ይሞከራል። ለመጀመሪያው ቁጥር 59 ላይ ያቆመ እጅ ለሁለተኛውም እዚያው የማቆም ልማድ ስላለው ይጠንቀቁ። የአሃዞቹ ድምር 14 ነው። ቀሪዎቹ፦

በ7 2፤ በ11 8፤ በ13 7፤ በ17 12፤ በ19 3፤ በ23 8፤ በ29 4፤ በ31 21፤ በ37 29፤ በ41 31፤ በ43 19፤ በ47 43፤ በ53 40፤ በ59 27፤ በ61 21።

3,803ም ፕራይም ነው። የተሟላው ብተና እንግዲህ ይህ ነው፦

1,234,567,890 = 2 × 3² × 5 × 3,607 × 3,803

በደረጃ 1 የያዙትን የ11 ቀሪ አሁን ይጠቀሙበት። 90 በ11 ሲካፈል ቀሪው 2፣ የ3,607 ቀሪ 10፣ የ3,803 ቀሪ 8 ነው። 2 × 10 × 8 = 160፤ 160 በ11 ሲካፈል ቀሪው 6። ከወረቀቱ አናት ላይ ካለው ጋር ይገጥማል።

ደረጃ 7፦ የአካፋዮችን ብዛት ማግኘት

በእያንዳንዱ ፕራይም ላይ ያለውን አርቢ፣ ማለትም ፕራይሙ ስንት ጊዜ እንደወጣ የሚናገረውን ትንሽ ቁጥር ይውሰዱ፦ 1፣ 2፣ 1፣ 1፣ 1። በእያንዳንዱ ላይ 1 ይጨምሩና ያባዙ፦

2 × 3 × 2 × 2 × 2 = 48

1 የሚጨመረው ፕራይሙን ጨርሶ አለመውሰድም አንድ ምርጫ ስለሆነ ነው፤ 3ን ዜሮ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ወይም ሁለት ጊዜ መውሰድ ይቻላልና ሦስት ምርጫ አለ። 1 ሳይጨምር አርቢዎቹን ያባዛ ሰው 2 የሚል መልስ ያገኛል። 24 ካገኙ ደግሞ ስህተቱ በደረጃ 4 ላይ ነው፤ 13,717,421ን እንደ ፕራይም ቆጥረውታል።

አርባ ስምንቱንም በዝርዝር መጻፍ ካስፈለገ 12 ረድፍና 4 ዓምድ ያለው ሠንጠረዥ ይሥሩ። በመጀመሪያው ዓምድ የ90ን አካፋዮች፣ ማለትም 1፣ 2፣ 3፣ 5፣ 6፣ 9፣ 10፣ 15፣ 18፣ 30፣ 45 እና 90ን ይጻፉ፤ በሌሎቹ ሦስት ዓምዶች እነዚህኑ በ3,607፣ በ3,803 እና በ13,717,421 አባዝተው ይሙሉ። እንዲህ ሲሠራ የሚዘነጋም የሚደገምም አካፋይ አይኖርም።

ደረጃ 8፦ የአካፋዮችን ድምር ማግኘት

1. ለእያንዳንዱ ፕራይም ከ1 ጀምሮ እስከ ሙሉ አርቢው ያሉትን ይደምሩ። ለ2፦ 1 + 2 = 3። ለ3²፦ 1 + 3 + 9 = 13። ለ5፦ 6። ለሌሎቹ ሁለት፦ 3,608 እና 3,804።
2. የመጀመሪያዎቹን ሦስት ያባዙ፦ 3 × 13 × 6 = 234።
3. የመጨረሻዎቹን ሁለት ያባዙ፦ 3,608 × 3,804 = 13,724,832።
4. ሁለቱን ውጤቶች ያባዙ፦ 13,724,832 × 234 = 3,211,610,688።

ለ3² 1 + 9 = 10 ወይም 4 × 4 = 16 ብሎ መጻፍ የተለመደ ስህተት ነው። 234ን ለማረጋገጥ ከላይ የተዘረዘሩትን የ90 አካፋዮች አሥራ ሁለቱንም ይደምሩ፤ 234 ይመጣል።

ውጤቱን በ11 ይፈትሹት፦ 32 + 11 + 61 + 06 + 88 = 198፣ ከዚያ 99፤ ቀሪው 0 ነው። 3,608 የ11 ብዜት (11 × 328) ስለሆነ ቀሪው 0 መሆን ነበረበት፤ ገጥሟል።

እዚህ ላይ ቆም ብለው አንድ ነገር እንዲያስተውሉ እለምናለሁ። 13,717,421ን ፕራይም ነው ብሎ የሠራ ሰው 234 × 13,717,422 = 3,209,876,748 ያገኛል። ከትክክለኛው መልስ ጋር ያለው ልዩነት 1,733,940 ብቻ ስለሆነ መልሱ በዓይን ሲታይ ትክክል ይመስላል። የአካፋዮቹ ብዛት በግማሽ ሲሳሳት ድምሩ ግን እምብዛም አይለወጥም፤ ስለዚህ በድምሩ መጠን ብተናውን ማረጋገጥ አይቻልም።

ቁጥሩን ራሱን ከድምሩ ቢቀንሱ 1,977,042,798 ይቀራል። ይህ ከቁጥሩ ስለሚበልጥ የ1,234,567,890 ሌሎች አካፋዮች ሲደመሩ ከራሱ ይበልጣሉ ማለት ነው።

በኮምፒውተር ፕሮግራም የሚሠሩ ከሆነ ተጨማሪ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ባለ 32 ቢት ምልክት ያለው ሙሉ ቁጥር ከ2,147,483,647 በላይ አይይዝም። ቁጥራችን ራሱ በዚህ ውስጥ ሲገባ የአካፋዮቹ ድምር ግን ያልፈዋል፤ በብዙ ፕሮግራሞችም −1,083,356,608 ሆኖ ይታያል። ይህን ካዩ ሒሳቡን ከመጠራጠርዎ በፊት ወደ 64 ቢት ይቀይሩ።

ደረጃ 9፦ የጋራ አካፋይ የሌላቸውን መቁጠር

ከ1 እስከ 1,234,567,890 ካሉት ቁጥሮች ከእሱ ጋር ከ1 በቀር የጋራ አካፋይ የሌላቸው ስንት ናቸው? ይህ የኦይለር ቀመር የሚመልሰው ጥያቄ ነው። ከእያንዳንዱ ፕራይም 1 ይቀንሱ፤ አርቢው ከ1 ከበለጠ በቀሩት የዚያው ፕራይም ድግግሞሾች ያባዙት፦ ለ2 1፣ ለ3² 3 × 2 = 6፣ ለ5 4፣ ከዚያ 3,606 እና 3,802።

1 × 6 × 4 = 24፤ 3,606 × 3,802 = 13,710,012፤ 13,710,012 × 24 = 329,040,288።

ለ3² 9 − 1 = 8 የጻፈ ሰው ይሳሳታል፤ የሚቀነሰው ከ3 እንጂ ከ9 አይደለም።

በራስዎ የሚሞክሩት፦ 987,654,321

ይህኛው በተቃራኒው መንገድ ይፈትንዎታል። በ3 ሁለት ጊዜ ሲካፈል 109,739,369 ይቀራል። በደረጃ 3 ዘዴ 369 − 739 + 109 = −261 ስለሚሆን 7፣ 11 እና 13 ይወድቃሉ። እዚህ ተቸኩሎ ወደ ፌርማ ዘዴ የሄደ ሰው አካፋዮቹ በጣም የተራራቁ ስለሆኑ ለረጅም ጊዜ ይደክማል፤ የጠርዙን ዝርዝር በትዕግሥት የተከተለ ግን ቀጥሎ ባለው በ17 ወዲያውኑ ያገኘዋል። 109,739,369 በ17 ሲካፈል 6,455,257፣ እሱም እንደገና በ17 ሲካፈል 379,721 ይሆናል። 379,721 ፕራይም ነው፤ ይህን ለማረጋገጥ ግን ስኩዌር ሩቱ ከ616 ትንሽ ስለሚበልጥ እስከ 613 ያሉትን 112 ፕራይሞች መጨረስ ይጠይቃል።

የአካፋዮቹ ብዛት 18፣ ድምራቸው 13 × 307 × 379,722 = 1,515,470,502 መሆን አለበት። ብዛቱ 12 ከመጣብዎ ከ3 ወይም ከ17 አንዱን ሁለተኛ ጊዜ አላካፈሉበትም። 6 ከመጣብዎ 109,739,369ን ፕራይም አድርገውታልና ወደ ደረጃ 4 ይመለሱ።